የመኪናው ዋስ ማን ነው?

ባለፈው ወደ ሀገር ቤት ስመለስ ታናሽ ወንድሜ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ አገኘሁት። የወንበሮቹ ላስቲክ ገና አልተነሣም። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ሁሉ ቻይንኛ ነው። ጥቂት እንደ ሄድን ከመሪው ፊት አንድ ቢጫ መብራት በራ። «ምን እያለ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኔም አላውቅም ጋሼ፤ እንዲህ ሲያደርግ ፎቶ አነሣውና በስልኬ አስተረጉመዋለሁ» አለኝ። ዳር ይዞ አቆመና አስተረጎመው፤ የአንዱ ጎማ ነፋስ ቀንሷል። ዋስትናውን ስጠይቀው ግን አላመነታም፤ «የሸጠልኝ ሰው የታመነ ነው። ምንም ነገር ቢመጣ ደውልልኝ ብሎኛል።»

መልሱን ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ዋስትና የሚለው ቃላችን ራሱ ከሰው የወጣ ነው። ዋስ ስንል ለሌላው ቆሞ የሚፈርመውን፣ ባለዕዳው ሲጠፋ የሚጠየቀውን ሰው ማለታችን ነው። ወንድሜም ዋስ አለው፤ ስሙንም ስልኩንም ያውቃል። እኔ በምኖርበት አሜሪካ የመኪናዬ ዋስ ከጓንት ማስቀመጫው ውስጥ የተኛች ትንሽ መጽሐፍ ናት፤ የሸጠልኝን ሰው ዛሬ መንገድ ላይ ባየው አላውቀውም።

መጽሐፏ የምትለው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ገዢ ግን ሳያነባት መኪናውን ይሸጣል። የተለመደው ውል መላውን መኪና ለ3 ዓመት ወይም ለ36,000 ማይል፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን ለ5 ዓመት ወይም ለ60,000 ማይል ይሸፍናል። ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል፤ ብዙ የሚነዳ ሰው ዓመቱ ሳይሞላ ማይሉ ያልቅበታል። ሂዩንዳይና ኪያ ለመጀመሪያው ባለቤት ሞተርና ካምቢዮን እስከ 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ያደርሱታል። የፍሬን ሸራ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ከአገልግሎት ብዛት የሚያልቅ ነገር ሁሉ በአብዛኛው የባለቤቱ ዕዳ ነው። ግዢው ሊፈረም ሲል «የተራዘመ ዋስትና» እያሉ የሚያቀርቡት ደግሞ በገንዘብ የሚገዛ የአገልግሎት ውል ነው፤ ደክሞህ ቶሎ ልውጣ ስትል ስለሚመጣ ብዙዎች ሳያነቡ ይፈርማሉ። ያ ሰዓት ያናድደኛል።

እኔም ዘይት ሌላ ጋራዥ ካስቀየርክ ዋስትናህ ይፈርሳል ተብዬ ለዓመታት አምኜ ኖሬያለሁ። ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ግን አምራቹ ዋስትናውን በራሱ ጋራዥ ወይም በራሱ ዕቃ ላይ እንዲያስር አይፈቅድለትም፤ ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን በነፃ ካልሰጠ በቀር። ከባለቤቱ የሚጠበቀው በጊዜው ማስቀየርና ደረሰኙን ማስቀመጥ ነው። ጋራዥ በመመላለስ የማይድን መኪና የገጠመው ገዢም መፍትሔ አያጣም፤ የኮኔቲከት ግዛት በ1982 እ.ኤ.አ. የጀመረችው «የሎሚ ሕግ» እየተባለ የሚጠራው ድንጋጌ ዛሬ በየግዛቱ አለ፤ «ሎሚ» አሜሪካውያን ለእንዲህ ያለ ብልሹ መኪና ያወጡለት ስም ነው።

ሀገር ቤትን የማደንቅበት አለኝ። እዚያ መካኒኩ የተበላሸውን ክፍል ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ጠግኖ ይመልሰዋል። እዚህ ሙሉውን አውጥተው ይጥሉታል። እዚህ «ይህ የፋብሪካ ጉድለት ነው ወይስ የአነዳድ?» በሚል ክርክር ቆሜ የዋልኩበት ቀን አለ፤ እዚያ ግን ብትደውል ሰው ይመጣል። በነዳጅ መኪና ዘመን ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃ ነበር።

አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ አዲስ መኪና ማለት የኤሌክትሪክ መኪና ማለት ሆኗል። ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ ውዱ ባትሪው ነው። አምራቾች ባትሪውን በብዛት ለ8 ዓመት ወይም ለ160,000 ኪሎ ሜትር ያህል ዋስ ይሆኑለታል፤ ብዙዎቹም የመያዝ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ይጠግኑታል ወይም ይቀይሩታል። ይህ ቃል ግን በአብዛኛው መኪናው ሊሸጥበት ለተሠራበት ገበያ የተገባ ነው። ለቻይና ገዢ የተሠራው መኪና በነጋዴ እጅ ድንበር ሲሻገር ቃሉ እዚያው ይቀራል። ፋብሪካው የደኅንነት ጉድለት አግኝቶ መኪናዎቹን ለጥገና ቢጠራም ጥሪው ወንድሜ ዘንድ የሚደርስበት መንገድ የለም። የታመነው ሻጭ ሊመጣ ይችላል። ይዞት የሚመጣው ባትሪ ግን የለም።

ያን ምሽት ወንድሜ ጥያቄውን አዘነበው። በየቀኑ 100 በመቶ ልሙላው? እንደ ባትሪው ዓይነት ነው፤ አንዳንዱ ለዕለት ሥራ 80 በመቶ ይበቃዋል፣ አንዳንዱን ደግሞ አልፎ አልፎ እስከ ጫፍ መሙላት ይመከራል፤ መመሪያውን ማስተርጎም ያስፈልጋል። ትልቁ ባትሪ ሞልቶ ሳለ መኪናው አልከፈት ያለው ለምንድን ነው? እንደ ማንኛውም መኪና ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ስላለው ነው፤ እሱ ሲሞት በሩም ስክሪኑም ዝም ይላል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንደሆነ፣ ገዢም ዕቃውን በቶሎ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ማስታወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የተረከብክበት ቀን፣ የሚሸፈነው ክፍልና ጊዜው ተጽፎ በፊርማ ይሰጥህ አልኩት። ወንድሜ ስልኩን ይዞ ብዙ አመነታ። የታመነን ሰው ወረቀት መጠየቅ ውሸታም እንደ ማለት ሆኖ ከበደው፤ ሻጩም «ምነው፣ አላመንከኝም?» ማለቱ አልቀረም። ቢሆንም በሦስተኛው ቀን ግማሽ ገጽ በእጁ ጽፎ፣ ፈርሞ ላከለት። አብረን አነበብነው። ሞተር አለ፣ ፍሬን አለ፣ ስክሪኑ ሳይቀር አለ። ባትሪው አልተጠቀሰም። ወንድሜ መልሶ ደወለ።