የክቡር እንግዳው መርገጫ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ደሴ ካለ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተመረቀች። በብየዳ። ከትምህርት ክፍሏም አንደኛ ወጣች። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራራት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

መኩራራት የጀመርነው ግን ዘንድሮ ነው። መጀመሪያ ላይ አፍረን ነበር።

ልጅቷ የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደችው የ2014ቱን ነው። ያ ዓመት ጦርነቱ ደሴ ገብቶ የወጣበት ዓመት ነው፤ እሱን ዛሬ አላወራውም። ውጤቱ ሲለቀቅ በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ሆነ። ከመቶ ተማሪ ሦስት ከምናምን መሆኑ ነው። ሦስቱ ሌላ ሰፈር ናቸው። ምናምኑም እኛ ጋ አልደረሰም።

እህቴ ሦስት ቀን አለቀሰች። ልጅቷ አንድ ቀን አለቀሰችና በማግስቱ ሄዳ ኮሌጅ ተመዘገበች። ወሬው እንደተሰማ ሰፈሩ እየተጠራራ መጣ። «አብሽሪ፣ ከዚህም የባሰ አለ» ይሏታል እህቴን፣ ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ። እማዬ ቡና አፈላች። አቦሉ በዝምታ ተጠጣ። አንዷ ጎረቤታችን እንጀራ በሰፌድ ይዛ መጣች። ልጅቷ እዚያው ቁጭ ብላ ነበር፤ በሕይወት። እንጀራውንም በላችለት።

ሙያው ብየዳ መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ ባሰ። «ሴት ልጅ? ብረት? ዓይኗስ?» ተባለ። የዓይኗ ነገር ሰበብ ነው። ነገሩ ሌላ ነው። በእኛ አገር ብረት የሚነካ ሰው ቡዳ ሲባል ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አዋጁ በእግሩ ቢመጣ እንኳ እስካሁን መድረስ ነበረበት። ወይ ደብረ ሲና ላይ ጉም ይዞት ቀርቷል። ደግሞስ ቢደርስ? እኛ እኮ ሠልጥነናል። ዛሬ ማንንም ቡዳ አንልም። «ዩኒቨርሲቲ አልመጣላትም እንዴ?» ነው የምንለው።

አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጨረሰ። ያን ጊዜ ሁለት በግ ታርዷል። አንዱ በቢስሚላህ፣ አንዱ በስመ አብ። የአጎቴ ሚስት ክርስቲያን ናትና ቤታቸው ድግስ ሲኖር ሁልጊዜ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ ወሎ ነው፣ ማንም ጾሙን አያድርም። ታዲያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማለት እዚያ አገር የሁለት ዓመት ትምህርት ነው። ነርስ ይወጣበታል፣ መካኒክ ይወጣበታል፣ በያጅም ይወጣበታል። ልጁ ራሱ በስልክ አስረድቶናል፤ «እናንተ ጋ ቴክኒክና ሙያ እንደሚባለው ዓይነት ነው» ብሎናል። እኛ ግን አልሰማነውም። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። ለእሱ ሁለት በግ፣ ለእሷ እንጀራ በሰፌድ።

ለነገሩ እኔ ራሴ በማኔጅመንት ዲግሪ አለኝ። ከማስተዳድረው ነገር ውስጥ ትልቁ ማኅተም ነው።

እሷ ሥልጠናዋን ቀጠለች። በሥርዓቱ መሠረት አብዛኛው ጊዜ የተግባር ነው። ትብብር ሥልጠና የሚሉት አለ፤ ኮምቦልቻ አንድ ወርክሾፕ ደረሳት። ጠዋት ከደሴ ብርድ ጃኬት ለብሳ ትሳፈራለች፤ ያን ጠመዝማዛ ወርዳ ኮምቦልቻ ስትደርስ ጃኬቱን በእጇ ይዛለች። ማታ ስትመለስ ሸሚዟ በብልጭታ ተበሳስቷል። እህቴ ትሰፋለች፣ እሷ ትበሳለች። ሲኦሲ የሚሉትን የሙያ ብቃት ምዘና በመጀመሪያው ፈተና አለፈች። ያን ጊዜ ነው እማዬ «ይቺ ልጅ የምሯን ነው» ያለችው።

ምረቃው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ኮሌጁ ለክቡር እንግዳው አዲስ አትሮኖስ ያስፈልጋል አለ። አሮጌው በምስጥ ተበልቷል። ሥራው ለብየዳ ተመራቂዎች ተሰጠ፣ ከእነሱም ለእሷ። ጥሩ ነው። በያጅ ደግሞ ሳይለካ አይቆርጥም። ሄዳ የፕሮቶኮሉን ሰውዬ ጠየቀችው።

«እንግዳው ቁመታቸው ምን ያህል ነው?»

«ትልቅ ሰው ናቸው» አላት።

«ይገባኛል ጋሼ፣ ቁመታቸውን ነው።»

«ነገርኩሽ እኮ፣ በጣም ትልቅ ሰው ናቸው!» አለና ስልኩን አነሳ።

ልጅቷ ምን ታድርግ? ለበጣም ትልቅ ሰው የሚሆን አትሮኖስ ሠራች። 1 ሜትር ከ35። ከቱቦላሬና ከላሜራ። አንቲረስት ቀባችው፣ በላዩ ቡናማ ቀለም አስነካችው። ስታበቃ ልቧ አልጸና አላት። ከተራረፈው ቱቦላሬ አንዲት መርገጫ ሠራች። «ምናልባት» ብላ።

የምረቃው ቀን የጦሳ ተራራ ጉሙን እስከ አንገቱ ለብሶ ዋለ። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። እኛ ቤተሰቡ አምስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እህቴ በአዲስ ሂጃብ፣ እኔ በሠርግ ኮቴ። ተመራቂዎቹ በኪራይ ጋውን ተሰልፈዋል። ሦስት ሰዓት ይጀመራል የተባለው ፕሮግራም አምስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ይህን እንደ ስሞታ አትዩብኝ። ሰዓቱን ጠብቆ የመጣ ክቡር እንግዳ ክብሩ ያጠራጥራል።

እንግዳው ገቡ። ተነሳን። ተቀመጡ። ተቀመጥን። ስማቸውን እዚህ ማንሳት አያስፈልግም፤ የአገራችን ልጅ ናቸው፣ ትልቅ ቦታ ደርሰዋል፣ ፊታቸው የዋህ ነው። ቁመታቸው ግን የእማዬን ያክላል።

ፕሮቶኮሉ መርገጫዋን ያያት ጠዋት ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ልጅቷ ነገረችው። «ለክቡር እንግዳ በርጩማ? ቁመታቸውን ልትነግሪያቸው ነው?» ብሎ ወስዶ ከመጋረጃው ኋላ ደበቃት።

እንግዳው ወደ አትሮኖሱ ወጡ። በላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ነበር። ከአበባው በላይ ግንባራቸው ታየ። ግንባራቸው ብቻ።

ግንባሩ ሰላምታ ጀመረ። ክቡር እገሌ፣ ክቡር እገሌ፣ የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣ የተከበራችሁ ተጋባዥ እንግዶች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ወላጆች። ሰዓት ይዤ ነበር። ዘጠኝ ደቂቃ። ተመራቂዎቹ መጨረሻ ላይ መጡ፤ «እንዲሁም» ከምትለው ቃል በኋላ። ደግሞ ሁሉም የተከበሩ ሲሆኑ ተመራቂ ብቻውን «ውድ» ነው። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

«ውድ ተመራቂዎች» ከማለታቸው ዝናቡ ወረደ።

የደሴን የሐምሌ ዝናብ በቆርቆሮ ሥር ሆኖ ያልሰማ ሰው ዝናብ ሰምቻለሁ አይበል። አጠገቤ ያለችው እማዬ «ምን አለ?» ስትለኝ የሰማኋት በከንፈሯ ነው። ግንባሩ ይነቃነቃል። ሲነቃነቅ እንገምታለን። ከፍ ካለ ቁም ነገር ነው፤ ከፊት ያሉት ያጨበጭባሉ፣ እኛም እናጨበጭባለን። ዝቅ ካለ ገጽ እየገለጡ ነው።

በመሃል ዝናቡ ጋብ አለ። «...ሥራ ጠባቂ ሳትሆኑ ሥራ ፈጣሪ...» የሚል ሰማን። አጨበጨብን። ዝናቡ ተመለሰ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ ጋብ አለ። «...ሥራ ጠባቂ ሳትሆኑ ሥራ ፈጣሪ...»

«ይሄን ብሎት የለ እንዴ?» አለች እማዬ።

«ዝም በይ እማ።»

ኋላ ስሰማ ሦስተኛዋ ገጽ ሁለት ጊዜ ተባዝታ ገብታ ኖሯል። አዳራሽ ሙሉ ሰው አልነቃም። አንባቢውም አልነቁም። እማዬ ብቻ ነቃች፤ እሷ ደግሞ ማንበብ አትችልም።

አርባ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ዝናቡ ድንገት ቀጥ አለ። አዳራሹ ጸጥ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ «ይህን ካልኩ ዘንድ ወደ ንግግሬ ልግባ።»

ብቻ አለቀ። ከዚያ እንግዳውን ማክበር ተጀመረ። የምስጋና ምስክር ወረቀት። ጋቢ። ጋቢውን ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው አለበሷቸው። ከዚያ በመስተዋት የታሰረ የራሳቸው ሥዕል። ሥዕሉ ላይ ቁመታቸው ደህና ነበር። ፎቶ ከቦርዱ ጋር፣ ፎቶ ከአስተዳደሩ ጋር፣ ፎቶ ጋቢውን ላላዩላቸው ሰዎች ጎን ዞረው። ቅር አይበላችሁና፣ ሰው መጥቶ ሲያከብር ማክበር ባህላችን ነው፤ አልቃወምም። ጋቢው እንዴት ሁልጊዜ ጋቢ ላለው ሰው እንደሚደርስ ብቻ ነው የማይገባኝ።

«ሰዓት ስለገፋ» አለ መድረክ መሪው፣ «የላቀ ውጤት ያመጡትን ባጭሩ እንሸልማለን።» የእህቴ ልጅ ተጠራች። እንግዳው ጨበጧት። ካሜራው በዚያች ቅጽበት ባትሪ ይቀይር ነበር። የግድግዳ ሰዓት ሰጧት። ሰዓት ገፍቶብናል ያሉት ይህችን ኖሯል። ዲፕሎማ ብለው በሪባን ጠቅልለው የሰጧትን ቤት ስንፈታው ባዶ ወረቀት ነው፤ ዋናው ከክሊራንስ በኋላ ይመጣል አሉን።

ከዚያ «ተመራቂዎችን ወክላ ሁለት ደቂቃ» ተባለ።

ልጅቷ ወደ አትሮኖሱ ሄደች። አልቆመችም፤ አልፋው ወደ መጋረጃው ገባች። ከኋላ ሲሚንቶ ላይ የሚጎተት ብረት ተሰማ። ፕሮቶኮሉ ከመቀመጫው ግማሽ ተነሳ። መርገጫዋን በአንድ እጇ ይዛ ወጣች፣ አስቀመጠች፣ በእግሯ ነካ አድርጋ መርጋቷን አየች፣ ወጣችባት። ከአበባው በላይ ቆብ፣ ፊት፣ አንገት፣ ትከሻ ታየ። አዳራሹ ሳቀ። ጋቢው ውስጥ ያሉት ሰውዬ ከሁሉም በላይ ሳቁ፤ ለዚህስ አመሰግናቸዋለሁ።

«ክቡር እንግዳችን፣ አስተማሪዎቻችን፣ ወላጆቻችን» አለች። ሦስት ብቻ። «አትሮኖሱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ልኬቱ ተሳስቷል፣ ይቅርታ። ሰኞ መጥቼ በነፃ እቆርጠዋለሁ።» ትንፋሽ ወሰደች። «ሦስት ሆነን ሙጋድ አካባቢ ቤት ተከራይተናል። በር፣ መስኮት፣ የታንከር ማስቀመጫ፣ የደረጃ መደገፊያ እንሠራለን። የብድር ፎርም ከሞላን ሰባት ወር ሆኖናል፤ እስኪመጣ ድረስ ቀብድ ግማሽ ነው። እናቴ፣ ሸሚዝ መስፋቱ ይብቃሽ፣ ቱታ ገዝቻለሁ። አመሰግናለሁ።»

ሰው ቆሞ አጨበጨበ። እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። «ሰማህ? ቀብድ አለች! ማሻ አላህ!» እህቴ ታለቅሳለች። ያቺ እንጀራ ያመጣችው ጎረቤታችን ከኋላችን ነበረች። የግቢዬ በር ታጥፏል፣ ለእኔስ ስንት ትለኛለች ብላ ጠየቀችኝ።

ለምሳ እንግዶቹ በአንድ በኩል፣ ተመራቂዎቹ በሌላ በኩል ተመሩ። ለእንግዶቹ ጥብስ፣ ለተመራቂዎቹ ብስኩትና ለስላሳ። ይህች ከተማ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ግብር ቤት ያለባት ከተማ ናት። ስሙ አይጠየፍ ነው፤ ደሃና ሀብታም ሳይባል የሚገባበት ስለነበር ነው ይባላል። ብስኩቴን ይዤ ስለዚያ አዳራሽ ሳስብ ፕሮቶኮሉ እየሮጠ መጣ። ክቡር እንግዳው ልጅቷን ይፈልጓታል።

እህቴ ሂጃቧን አስተካከለች። የብድሩን ነገር ሊጨርሱላት ነው ብለን ግልብጥ ብለን ተከተልን።

ሰውዬው ከነጋቢያቸው ቆመዋል። ጥርሳቸውን በስንጥር እየነካኩ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ጎበዝ ነሽ» አሏት። «እዚህ ደሴ ቤት እያሠራሁ ነው። የግቢ በር ስንት ትሠሪልኛለሽ?»

«ባለ ስንት ሜትር ነው ጋሼ?»

«እንጃ። ብቻ ትልቅ ነው።»

ልጅቷ ከጋውኑ ሥር፣ ከሱሪዋ ኪስ ሜትሯን አወጣች።

«ጋሼ፣ ትልቅ ብለውኝ ነው አትሮኖሱ የተበላሸው። ቤቱ የት ነው? መጥቼ ልለካው።»