ሶፍ ዑመር ዋሻ መብራት ይግባለት? ክርክር

ይግባለት (አስጎብኚ፣ አዲስ አበባ)

ሶፍ ዑመር 15 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከሮቤ በስተምሥራቅ ነው። ከባሌ ተራሮች የሚወርደው የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሸርሽሮ የሠራው ነው። የዓምዶቹን አዳራሽ ያየ ሰው፣ ውሃ ብቻውን ሠራው ቢሉት አያምንም። ግን ማን በደንብ አየው? በእጅ ባትሪ የዓምዱ ሥር ሲታይ ጫፉ ጨለማ ነው። አንድ ጊዜ አብረውኝ የነበሩ አዛውንት ወንዙን ሲሻገሩ አዳልጧቸው እጃቸው ተሰበረ። በዚያ ጨለማ ተሸክመን ነው ያወጣናቸው። መብራት ይግባ፣ መሻገሪያ ይሠራ። እንዲህ ያለ ሀብት ለማንም ሳይጠቅም መቀመጡ ያንገበግበኛል።

አይግባ (መምህርት፣ ጎሮ)

«ለማንም ሳይጠቅም»? ወንድሜ፣ ደግመው ያንብቡት። ዋሻው በስማቸው የሚጠራው ሼህ ሶፍ ዑመር ከደረሶቻቸው ጋር የተጠለሉበት ነው ተብሎ ሲነገረን ነው ያደግነው። አያቴ፣ እኛ አኮ ነው የምንላት፣ ስንቋን ቋጥራ በእግሯ ለዚያራ፣ ቅዱሱን ቦታ ልትጎበኝ፣ ትወርድ ነበር። ለልጆቿ ዱዓ ያደረገችው እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። እሷ ማንም አይደለችም?

መብራቱንም ቢሆን ጥንታዊ ሥዕል ያለበትን የፈረንሳዩን የላስኮ ዋሻ ይዩ። በ1948 እ.ኤ.አ. ለጎብኚ ተከፈተ። በሰው ትንፋሽና በመብራት ግድግዳው አረንጓዴ አበቀለ። በ1963 ዘጉት። ዛሬ ሰው የሚያየው ቅጂውን ነው።

ይግባለት

አያትዎን አልነካሁም። «ለማንም» ያልኩት ለአካባቢው ኢኮኖሚ ማለቴ ነው።

ላስኮ ግን እዚህ ምን አገባው? እሱ የታፈነ ዋሻ ነው፤ የተጎዳውም ግድግዳው ላይ ያለው ጥንታዊ ሥዕል ነው። በሶፍ ዑመር ወንዝ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል። ነፋስ ያልፍበታል። ሁለቱ እንዴት ይወዳደራሉ? ደግሞስ ለዚያራ የሚመጡት እናቶች አያዳልጣቸውም? አጥንታቸው ከጎብኚው አጥንት ይጠነክራል?

አይግባ

«ለኢኮኖሚ ማለቴ ነው» አሉ። ይሄ ይባስ! ገንዘብ ያልከፈለ አልተጠቀመም ማለት ነው። አኮ ትኬት አልቆረጠችምና አልተቆጠረችም። እናንተ ከአዲስ አበባ ስትመጡ ሁሌም እንዲህ ነው። ቦታው የሚጀምረው እናንተ ካያችሁበት ቀን ነው። መብራቱ ይግባ ሲሉ እዚያ ደጅ ላይ ያሉትን ሽማግሌዎች ጠየቁ? የመግቢያው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ አሰቡበት? እኔን የሚያናድደኝ አምፖሉ አይደለም። ሳይጠየቅ መወሰኑ ነው።

ይግባለት

ላስኮን ተዉት እንግዲህ። ጥሩ።

ግን «እናንተ ከአዲስ አበባ» መባሌ አሳዝኖኛል። ሽማግሌዎቹን ሳላስፈቅድ አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም። እንግዶቼ ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ እለምናለሁ። ዱዓ ላይ ያለ ሰው ካለ ካሜራ አስከድናለሁ። ያቺን አንዲት ቃል ስህተት ነበረች በሉኝ፣ እቀበላለሁ። ከዚያ በኋላስ? እርስዎ ሁለት ጊዜ ስለ ቃሌ ጻፉ፤ እጃቸው ስለተሰበረው ሰው አንድ መስመር አልጻፉም።

አይግባ

አልጻፍኩም፣ እውነት ነው። እግዜር ይማራቸው።

መሻገሪያውን ተቃውሜ አላውቅም። ወይብ ሲሞላ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚነግረኝ የለም፤ በክረምት መግባትም አይቻልም። የሚሻገሩት ሰዎች ገመድ ቢይዙ፣ ደህና መረገጫ ቢኖር ደስ ይለኛል። መብራቱን ግን ከዚያ ጋር አያጣብቁብኝ። አኮ የምትገባው ልታይ አልነበረም። በጨለማው ውስጥ የውሃውን ድምፅ እየሰማች ነው የምትለምነው። አምስት መቶ አምፖል ሲበራ ጎብኚው ያያል፣ ለዚያራ የመጣችው እናት ደግሞ ትታያለች።

ይግባለት

አምስት መቶ ያልኩት መቼ ነው? ለአዳራሹ ብቻ፣ እንግዳ ሲገባ በርቶ ሲወጣ የሚጠፋ መብራት ይበቃል። ዚያራ ባለበት ቀን ጭራሽ አይብራ። ቀኑንም ሽማግሌዎቹ ይወስኑ።

አይግባ

ማብሪያው በማን እጅ ይሆናል?