ሳጥኑ ላይ ዝቅ፣ ጠረጴዛ ላይ ከፍ!

እኔ የምለው፣ እነዚህ የመኪና ሞዴል ኪት፣ ማለትም ቤት ወስደህ የምትገጣጥመውን ትንሽ የፕላስቲክ መኪና፣ የሚያመርቱ ሰዎች የራሳቸውን ሳጥን አይተውት ያውቃሉ? ሳጥኑ ላይ እ.ኤ.አ. የ1964 ሼቭሮሌት ኢምፓላ አለች። ሆዷ አስፋልቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። የኋላ ጎማዋ ግማሹ ፓራፋንጎው ውስጥ ገብቷል። ታምራለች! ገንዘብህን ከፍለህ፣ ቤትህ ወስደህ፣ መመሪያው እንዳለው አንድ በአንድ ገጣጥመህ በጎማዋ ስታቆማት ግን ወንዝ ልትሻገር ቀሚሷን የሰበሰበች ሴት መስላ ቁጭ ትላለች። በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል እርሳስ ያልፋል። እርሳስ! በእውነተኛዋ መኪና ብታሰሉት ስንዝር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ክፍተት ነው።

"ትንሽ ከፍ ብትል ምን አለበት? መጫወቻ አይደለች እንዴ?" የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እሺ፣ ሂሳቡን ላስረዳ። የኔዋ 1/25 ናት። እዚህ 1 ሚሊሜትር ማለት በእውነተኛዋ መኪና 25 ሚሊሜትር ነው፣ አንድ ኢንች በሉት። 3 ሚሊሜትር ከፍ አለች ማለት ሰባት ሴንቲ ተኩል ከፍ አለች ማለት ነው። መኪና የሚያውቅ ሰው ሰባት ሴንቲ ተኩል መንገድ ተሻግሮ ያያታል። ቀለሟ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ ክሮሟ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አቋሟ ከተበላሸ አለቀ።

ደግሞ ኢምፓላ እኮ እንዲሁ መኪና አይደለችም። እዚህ ሎስ አንጀለስ ከኛ ሰፈር ከፌርፋክስ ብዙም ሳይርቅ እሁድ እሁድ ክሬንሾ ጎዳና ላይ የወጣ ሰው ያውቃታል። ሆን ተብሎ አስፋልቱ ድረስ ዝቅ የተደረገ መኪና፣ ሎውራይደር የሚሉት ይሄ ነው። የሜክሲኮ ተወላጅ አሜሪካውያን ለዚህች ዝቅታ ስንት ተሰቃይተዋል! ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1958 የመኪናው አካል ከቸርኬው የታች ጠርዝ በታች እንዳይወርድ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ወጣቶቹ ዝቅ ባሉ ቁጥር ፖሊስ ያስቆማቸው ነበር። በ1959 ሮን አጊሬ የሚባል ሰው ኮርቬት መኪናው ላይ የአውሮፕላን ትርፍ ዕቃ የሆነ ሃይድሮሊክ፣ በዘይት ግፊት መኪናዋን የሚያነሳና የሚያወርድ መሣሪያ፣ ገጠመ። ፖሊስ ሲመጣ ከፍ፣ ሲሄድ ዝቅ። ያ ክልከላ ከሕጉ የወጣው ገና በ2024 መጀመሪያ ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ በቅጣት ወረቀት የተከፈለበት ቁመት ነው እንግዲህ፣ አንድ ፋብሪካ ሻጋታውን ማስተካከል ስለደከመው ብቻ ከሳጥኑ የሚጠፋው። ይሄ ያናድዳል። እኔን በጣም ያናድደኛል።

"እንግዲያው አውርዳት" ይሉሃል። አፍ ሲናገረው ቀላል ነው። የኢምፓላ ሻንሲ በዚያ ዘመን እንደነበሩት ብዙ መኪኖች በግራና በቀኝ የተዘረጋ ሁለት ረጅም ብረት አይደለም። ከ1958 እስከ 1964 የነበሩት ትልልቅ ሼቭሮሌቶች የ"ኤክስ" ሻንሲ ነው የነበራቸው፤ መሃሉ ላይ ይጠብና ወደፊትና ወደኋላ ይከፈታል። ከካምቢዮው ወደ ኋላ አክስል የሚሄደው ዘንግ የሚያልፈው በዚያ ጠባብ መሃል ውስጥ ነው። ስለዚህ መሃሉን ቆርጬ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ላድርገው ብትል ዘንጉ ማለፊያ ያጣል። የሚነካው ከኋላ፣ አክስሉን ተሻግሮ የሚያልፈው ቅስት ነው። ቀጭን መጋዝ ይዘህ ከሥሩ በግማሽ ክብ ትቆርጠዋለህ፤ አክስሉ ወደ ላይ የሚገባበት ቦታ ያገኛል ማለት ነው። ሞላዎቹንም በዚያው ልክ ታሳጥራለህ።

ታዲያ እዚህ አያበቃም። የቆረጥከው ቦታ ሳስቷል። ከላይ በስታይሪን፣ በሞዴል ፕላስቲክ፣ ቁራጭ ካልደገፍከው ሙጫው ሲደርቅ ሻንሲውን ይዞት ይጣመማል፤ መኪናዋን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ስታስቀምጣት ሦስት ጎማ ቆሞ አንዱ አየር ላይ ይቀራል። ድጋፉን ስታደርግ ደግሞ ከላይ ያበጠው ነገር የኋላ ወንበሩን ሥር ይገፋል። ወንበሩ ከፍ አለ። ከዚያ ሻንሲውና ቦዲው አልገጥም አሉ። እንግዲህ የወለሉን ሥር በሞረድ መብላት ነው፣ ፕላስቲኩ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ። አንዷን ነገር ነካህ ማለት አራት ነገር ነካህ ማለት ነው። ሻንሲው ከተሰበረ ደግሞ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ሌላ ሙሉ ኪት መግዛት ነው።

የፊቱ ይባስ! ከ1960ዎቹ ሻጋታ ዛሬም እየታተሙ የሚሸጡ ኪቶች አሉ። የፊት ጎማዎቹን የሚይዘው አንድ ቀጥ ያለ የብረት ሽቦ ነው። ሽቦው በየት ያልፋል? በሞተሩ ውስጥ! ሞተር ብሎኩ ግራና ቀኙ ተበስቶ አክስል ያልፍበታል። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም እውነተኛ ኢምፓላ ላይ የለም። መኪናዋን ከፊት 3 ሚሊሜትር ላውርድ ካልክ ሻንሲው ላይ ያለውን ቀዳዳ 3 ሚሊሜትር ከፍ አድርገህ መብሳት አለብህ። ያኔ የሞተሩ ቀዳዳ አይገጥምም። ሞተሩን ከፍ ላድርገው ካልክ የአየር ማጣሪያው ኮፋኖውን ይመታና አይዘጋም። የሚያዋጣው ሽቦውን ለሁለት ቆርጦ መሃሉን አውጥቶ መጣል፣ የሞተሩን ቀዳዳ በስቱኮ መድፈን፣ ከዚያ ግራና ቀኙን ለየብቻ ሻንሲው ላይ በቀጭን ቱቦ ማሰር ነው። ቱቦው ፀጉር ታህል ከዘመመ ግን ጎማው ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ሁለቱ ጎን እኩል አይሆኑም፣ ከፊት ስታያት ዓይኗ የሸወረረ ትመስላለች። ሙጫው ሳይደርቅ በካሊፐር እየለካህ፣ ትንፋሽህን ይዘህ ነው የምታስተካክለው።

ከሁሉም በላይ የሚያበሽቀኝ ምን መሰላችሁ? "ለምን ትደክማለህ፣ ሻንሲውን ተወውና ጎማውን ፓራፋንጎው ውስጥ በቀጥታ ለጥፈው፣ ማን ከሥር ያይልሃል" የሚለው ምክር። እኔ አያለሁዋ! ከሥር ገልብጬ ሳያት አክስሉ የት እንደታሰረ፣ ዘንጉ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ሞላው ምን ላይ እንደተቀመጠ ማየት እፈልጋለሁ። ዝቅ ያለችው ሻንሲዋ ስለወረደ ይሁን እንጂ ጎማው ስለተለጠፈ አይሁን። ጎማ ለመለጠፍ ከሆነማ ሻንሲውን ለምን ሰጡን?

የምጠይቀው ብዙ ነገር አይደለም። ሻንሲው ላይ ከፊት ሁለተኛ ቀዳዳ ይኑር፣ ከፍ ያለ። ከኋላ አጠር ያለ ሞላ ይጨመርና ቅስቱ ድሮውኑ ተቆርጦ ይምጣ። መደበኛውን ቁመት የሚፈልግ አንዱን ይጠቀም፣ ዝቅታውን የሚፈልግ ሌላውን። ይህን ምርጫ የሚሰጡ ኪቶች አሉ፤ ስለዚህ አይቻልም የሚል መልስ አልቀበልም። ካልሆነ ደግሞ ሳጥኑ ላይ ውስጥ ያለችውን መኪና አሳዩን፣ በዚያው ቁመቷ፣ ከነክፍተቷ።

የኔዋ ኋላዋ ወርዷል። ልክ እንደ ሳጥኑ፣ ጎማው ግማሹ ተሸፍኗል፣ አራቱም መስታወቱን ነክተዋል። የፊቱን ሽቦ ዛሬ ማታ እቆርጠዋለሁ።