ገንዘቡ ሲያልቅ አስተባባሪውስ?

ይህን የምጽፈው ካሊፎርኒያ ለማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች፣ ማለትም ከትምህርቱ ጎን ለጎን ለልጆችና ለቤተሰቦች ሌላም አገልግሎት ለሚሰጡ ትምህርት ቤቶች፣ ስለመደበችው ገንዘብ ነው፤ በ2021 3 ቢሊዮን ዶላር፣ በዓመቱ ተጨምሮበት ከ4 ቢሊዮን ያለፈው። እኔ ሐሳቡን ከልቤ እደግፈዋለሁ። ጥርሱን የሚያመው ልጅ ሒሳብ አይገባውም። ቤተሰቡ ከተከራዩት ቤት ሊወጡ የደረሱበት ልጅም ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ክሊኒኩም፣ የሥነ ልቦና ምክሩም፣ ከትምህርት በኋላ ያለው ጥናትም እዚያው ግቢ ውስጥ ቢገኙ ትክክል ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከዚህ ገንዘብ ለትምህርት ቤቶቹ የሚሰጠው የማስፈጸሚያ ድጎማ የሚቆየው 5 ዓመት ነው። ይህን ሁሉ አገልግሎት የሚያገናኘው ደግሞ በትምህርት ቤቱ ያለው አስተባባሪ ነው፤ የትኛው ልጅ ለምን እንደቀረ የሚያጣራው፣ ለወላጅ የሚደውለው፣ ከክሊኒኩ ቀጠሮ የሚይዘው እሱ ነው። ደመወዙ በድጎማው ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ገንዘቡ ሲያልቅ እሱም ይሄዳል፣ ከወላጆች ጋር በስንት ልፋት የገነባው መተማመንም አብሮት ይሄዳል። እባካችሁ፣ ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድሩት ዲስትሪክቶች ገና ከጅምሩ ይህን ቦታ ቀስ በቀስ ወደ መደበኛ በጀት ያስገቡት። ለሕክምናው ሜዲ-ካል (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የካሊፎርኒያ ነዋሪዎች የሚሆነው የመንግሥት የጤና መድን) የሚሸፍነውንም አሟጠው ይጠይቁ።

ደግሞ የወላጆች ነገር። ያለቀ ውሳኔ ይዞ መጥቶ ማስፈረም ተሳትፎ አይባልም! ስብሰባው ከሥራ ሰዓት ውጭ ይሁን፣ አስተርጓሚ ይኑር፣ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ሲወሰንም ወላጅና መምህር ድምፅ ይኑራቸው። ይህንን ማሟላት ያልቻለ ትምህርት ቤት ስለ ድጎማው አጠቃቀም በደንብ መጠየቅ አለበት።