ከደንበኛው በፊት የሚረኩ ሻጮች

በአሜሪካ የመኪና ነጋዴዎች ላይ የሚወርደው ወቀሳ ግፍ ነው። ሌላው ነጋዴ ዕቃውን ሸጦ ሲያበቃ «አስተያየትዎን ይጻፉልን» እያለ የደከመውን ገዢ ያስጨንቃል። ከእነዚህ ደጋጎች አንዳንዶቹ ግን አስተያየቱን ራሳቸው ጽፈው ይገላግሉታል፤ ገዢው መኪናውን ሳያይ ምን ያህል እንደረካ ያነባል።

የሥነ ጽሑፍ ችሎታቸውም አይናቅም። በአንድ ሌሊት አሥር ገዢዎች ተነሥተው የአንዱን ሻጭ ሙሉ ስም ይጠራሉ፤ ሁሉም «ምንም ጫና አልነበረም» ይላሉ፤ ሁሉም ያንኑ ቃል በዚያው ፊደል ይሳሳታሉ። እንዲህ ያለ የልብ አንድነት ለምክር ቤቶች ሁሉ ቢደርስ እንዴት መልካም ነበር!

ቅር የተሰኘውም አይረሳም። «ረክተዋል?» የሚል መልእክት በስልኩ ይደርሰዋል። አዎ ያለው ለሻጩ ኮከብ ወደሚሰጥበት የጉግል ገጽ በቀጥታ ይሸኛል፤ የለም ያለው ደግሞ ቅሬታውን ለሥራ አስኪያጁ ብቻ የሚያደርስ ቅጽ ይከፈትለታል። ቅጹ ምስጢር ጠባቂ ነው፤ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን አያነበውም። ደስተኛውን ብቻ እየመረጡ ማስጻፍን የጉግል መመሪያ ይከለክላል፤ ግን መመሪያ የሚያነብ ሰው መኪና የሚሸጠው መቼ ነው? ሰውየው አሻፈረኝ ብሎ በአደባባይ ከጻፈ፣ ባለ አንድ ኮከብ አስተያየቱን አንሥቶ ነጻ የዘይት ቅየራ እንዲወስድ ይለመናል። አሁንም እምቢ ካለ የጠበቃ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ዛሬ በወረቀት ደብዳቤ የሚጽፍ ወዳጅ የት ይገኛል?

መንግሥት ይህን ሁሉ ውለታ በክፉ ተረጎመው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2016 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ አካባቢ ዘጠኝ የመኪና መሸጫዎችን ሲከስ፣ ከሌሎቹ ክሶች ጋር ሐሰተኛ የአድናቆት አስተያየትንም ጨመረ፤ ጉዳዩ በ2017 በ3.6 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። ይኸው ኮሚሽን ከኦክቶበር 21 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ደግሞ ሐሰተኛ አስተያየት መጻፍን፣ ውዳሴ መግዛትንና ወቀሳን በማስፈራራት ማስፋቅን ከልክሏል። እያወቀ ለሚጥስ፣ ለእያንዳንዱ ጥፋት ከ50,000 ዶላር በላይ ቅጣት ሊጠየቅበት ይችላል። አሥሩን የአንድ ሌሊት ገዢዎች በዚህ ማባዛት ለሒሳብ ሹሙ ይተው።

ሆኖም ደንቡ አንዲት በር አልዘጋም፦ የሥራ አስኪያጁ ቤተሰብ ዝምድናውን በግልጽ ካሳወቀ አስተያየቱን መስጠት ይችላል። በዚህች በር ለመግባት ግን ማንም አይጋፋም። «እኔ የሥራ አስኪያጁ ሚስት ነኝ» ብላ የጀመረች ሴት ከዚያ ቀጥላ ስለ ሰውየው ሐቀኝነት ምን ልትጽፍ እንደምትችል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።