ጠጠር ማንጠፍ ትርፍ ውኃን አያስወግድም

የቤት ውስጥ ተክል ወደ ሌላ መትከያ ሲዛወር ከታች ጠጠር ከተነጠፈ ትርፉ ውኃ ቶሎ ይወርዳል የሚለው ምክር፣ ወገኖቻችን በቅንነት የሚቀባበሉት ቢሆንም፣ ትክክል አይደለም። ደቃቅ አፈር ውኃን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ የታችኛው ክፍሉ ሙሉ በሙሉ እስኪርስ ድረስ ውኃው ወደ ጠጠሩ አይንጠባጠብም፤ ስለዚህ ጠጠሩ ረግረጉን ወደ ሥሮቹ ያቀርበዋል እንጂ አያርቀውም። እንደ ጅማ ባለ ዝናባማ ከተማ ደግሞ፣ በተለይ በክረምት፣ አፈሩ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ሥሩ በቀላሉ ይበሰብሳል፤ ብዙዎች ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ውኃ የጠማው መስሏቸው ይጨምሩበታል፣ ይህም ጉዳቱን ያባብሰዋል። ማረጋገጥ የሚሻ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶችን ታቻቸውን በስቶ፣ አንዱን በአፈር ብቻ፣ ሌላውን በጠጠርና በአፈር ሞልቶ እኩል ያጠጣቸው፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር ርሶ ሲቀር በዓይኑ ያያል። የሚበጀው ቀዳዳ ያለው መትከያ መምረጥና አፈሩን ራሱን ከተብላላ ብስባሽና ከሻካራ አሸዋ ጋር መቀላቀል ነው።