መጥረጊያው ለምን ያጥራል?

ሰው ወገቡ እስኪቆረጥ የሚያጎነብሰው መጥረጊያው ክንድ ስለማይሞላ ብቻ መሆኑ ያንገበግበኛል። የምሠራበትን ሕንጻ ደረጃ የምታጸዳውን ሴት በየማለዳው አያታለሁ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ግራ እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ በቀኟ እየጠረገች ከላይኛው ፎቅ እስከ ምድር ቤት ትወርዳለች። አቧራው በመጀመሪያ የሚያገኘው ፊቷን ነው። ደረጃው ሲያልቅ ቀና የምትለው ግድግዳ ይዛ ነው። ከዚያ ደግሞ ባልዲና ጨርቅ ይዛ እንደገና ማጎንበስ!

ለሕንጻው ኃላፊ ረጅም እጀታ ያለው እንዲገዙላት ነገርኳቸው። «ረጅሙ ጥግ አያወጣም፤ ደግሞም ያሰንፋል» አሉኝ። ያሰንፋል? ሌሊት ተነስታ፣ ታክሲ ተጋፍታ፣ እኛ ሳንገባ ሕንጻውን አጽድታ የምትጠብቀንን ሴት?

የካሊፎርኒያ ባለእርሻዎችም እንዲሁ ይሉ ነበር። ሰላጣ የሚያሳሱ የቀን ሠራተኞችን እጀታው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ መኮትኮቻ ቀኑን ሙሉ ያስጎነብሷቸው ነበር። በረጅሙ ከተሠራ ሰብሉ ይበላሻል ባዮች ናቸው። የልባቸው ግን ሌላም ነበር፤ በአጭሩ ሲሠራ ለማረፍ ቀና ያለ ሠራተኛ ለተቆጣጣሪው ከሩቅ ይታያል። ወገባቸው የተጎዳ ሠራተኞች ተሟግተው እ.ኤ.አ. በ1975 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ መሣሪያውም በዚያው ዓመት ታገደ። ሰላጣው ምንም አልሆነም።

ጉዳቱ ደግሞ የተለካ ነው። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍ ናኬምሰን በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ባለው ዲስክ ላይ የሚያርፈውን ጫና ለክተው፣ ሰው ወደፊት ሲያጎነብስ ቀጥ ብሎ ከቆመበት በግማሽ ያህል እንደሚጨምር አሳይተዋል። ዕቃ ከያዘ ይብሳል።

ጤፍ የሚያርም ገበሬ ቢያጎነብስ ይገባኛል፤ አረሙ ከሥር ነው፣ የሚነቀለውም በእጅ ነው። መጥረጊያ ግን ምን ቸገረው? የጎደለው አንድ ዘንግ ነው! በየቤታችንም ያው ነው። እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ወገቤን እያሉ ግቢ ሲጠርጉ፣ የእርጅና ነው ብለን ቅባት ከመግዛት በቀር መጥረጊያው ላይ እንጨት ያሰርን ስንቶቻችን ነን?

ያሰንፋል ያሉኝ ኃላፊ ግን አንድ ፎቅ፣ አንድ ብቻ፣ በዚያ መጥረጊያ ጠርገው ያናግሩኝ።